ከላሊበላ ሽቅብ

ላሊበላን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አቀርቅሮ ነው የሚውለው። የቤተ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከዓለት ቁልቁል የተፈለፈለ ነውና ምን ያድርግ! አንድ ትርፍ ቀን ያለው እንግዳ ባገኝ ግን «እስቲ ቀና ይበሉ» እለዋለሁ። ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ፣ አሸተን ማርያም የተባለች ቤተ ክርስቲያን አለች።

ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አሸተን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። የአገሬውን ሰው «ሩቅ ነው?» ብለው ቢጠይቁት «ይቺው እኮ ናት!» ይልዎታል። የእሱ «ይቺው» ለከተሜ ከሁለት ሰዓት የማያንስ ዳገት ነች። በቅሎ መከራየት ነውር የለውም፤ ጭንጫው ሲብስ ግን በቅሎዋም ታስወርድዎታለች።

ፀሐይ ሳይበረታ መነሣት ነው። ቅዳሜ ከሆነ ለገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች እህል የጫኑ አህዮቻቸውን እየነዱ ያገኙዎታል። «እንዴት አደሩ?» ሲሏቸው ስለ ቤቱም ስለ ከብቱም ሳይጠያየቁ ማለፍ የለም። ሰላምታው ይርዘም፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው።

ጫፉ ሲቃረብ መንገዱ በዓለት መካከል በጠባቡ ይሹለከለካል፤ ወፈር ያሉ ሰዎች ጎን ለጎን አይሄዱበትም። ከዚያ ከዓለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን! በትውፊት የንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ሥራ ናት ይባላል። ካህኑ መስቀልና የብራና መጽሐፍ አውጥተው ያሳያሉ፤ ለቤተ ክርስቲያኗ ጥቂት ብር መያዝ ደግ ነው።

ጉልበት የሚንቀጠቀጠው ሲወርዱ ስለሆነ፣ «ዱላ ለሽማግሌ ነው» የሚሉትን አይስሟቸው።