ሁለት ቀን በጂም፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ በቤት

«ስፖርት የወጣት ነው፤ የእኛ ነገር መንፈሳዊው ነው» ሲባል በመካከላችን ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ለዚህም ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ይጠቀሳል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ሐዋርያው ግን ሰውነትን ማለማመድ የሚሰጠው ጥቅም እግዚአብሔርን ከመምሰል ጋር ሲተያይ ጥቂት መሆኑን አመለከተ እንጂ ጥቅም የለውም አላለም። የዚያ ጥቂት ጥቅም ዋጋ የሚታወቀን ጉልበት ሲከዳን ነው።

በቤት ኅብረታችን የምንወዳቸው አንዲት እናት አሉ። የምንሰበሰበው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። እምነታቸው አልቀዘቀዘም፤ የሚያስተኛ ሕመምም የለባቸውም፤ ደረጃው ግን አሸነፋቸው። አሁን እኛ ተራ ገብተን ቤታቸው እየሄድን አብረናቸው እንጸልያለን። እኔም 50 ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ይህን ነገር አጥብቄ አስባለሁ።

ጡንቻ ካልተሠራበት ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ሆኖም በእርጅና ዘመንም ቢሆን ሸክም ሲለማመድ መልሶ ይጠነክራል። ስለዚህ ማክሰኞና ዓርብ ጂም እሄዳለሁ። ለእግር፣ ለጀርባ፣ ለደረትና ለትከሻ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ላነሣው የምችለውን ክብደት እመርጣለሁ። 12ቱ ሲቀልለኝ ጥቂት እጨምራለሁ። ጡንቻ የሚታደሰው በዕረፍት ጊዜ ስለሆነ በመካከል ያሉት ቀናትም ሥራ ይሠራሉ።

ታዲያ ይህ ብቻ ይበቃል? የእሑድ አምልኮ የየዕለቱን የጥሞና ጊዜ እንደማይተካ ሁሉ፣ ጂምም የየዕለቱን እንቅስቃሴ አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። አጫጭር እንቅስቃሴዎችም ይቆጠራሉ። ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ 15 ደቂቃ ፈጠን ፈጠን እያሉ መራመድ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ትንፋሽ የሚጨምር 10 ደቂቃ ቢታከልበት፣ በስድስት ቀን 150 ደቂቃው ሞላ ማለት ነው።

በእኛ ቤት ቡናው እስኪፈላ ከወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እንሠራለን። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፈን ፑሽ አፕ፣ ከዚያም በየእጃችን 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን አንጠልጥለን መመላለስ ነው፤ አንዱ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቆጣሪዋ ትንሿ ልጄ ናት፤ አንድም አታስዘልለኝም። ለጂም የሚከፈል የሌላችሁ በጀሪካኑ ጀምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ፣ በቅርቡም የወለዳችሁ እናቶች፣ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ክብደት ስታነሡ ትንፋሽ አትያዙ፤ ስታነሡ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ።

ወገኖቼ፣ የታመመ ለመጠየቅ፣ ልቅሶ ለመድረስ፣ የልጅ ልጅ ለማቀፍ፣ ተንበርክኮ ጸልዮም ያለ ደጋፊ ለመነሣት ጉልበት ያስፈልገናል። ይህም ከጌታ የተቀበልነው አደራ ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከወንበራችሁ 10 ጊዜ ቁጭ ብድግ በሉ። ነገም ድገሙት። ጌታ ጉልበታችሁን ያጽና።