ሽማግሌዎቹ ይምጡ

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

 

ልታገቢው ያሰብሽው ልጅ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ከተሰማ ወዲህ እዚህ ቤት ሰላም የለም። አባትሽ የልጁን ጠባይ እንኳ አልጠየቀም፤ «ልጄን ለቡዳ ዘር አልሰጥም» ብሎ ዘጋ።

የልጁን አያት አባትሽም እኔም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ቀጥቃጭ ነበሩ፤ የአባታችንን ማረሻ የሚያሾሉት እሳቸው ነበሩ። ወናፉ አጠገብ ቆመን የብረቱን ብልጭታ ስናይ እንውል ነበር። አዝመራ ሲገባ እህል ይሰፈርላቸው ነበር። ቡና ሲቀርብ ግን አፉ የተሸረፈ ሲኒ ለብቻው ይቀመጥላቸው ነበር፤ ሌላ ሰው አይጠጣበትም ነበር። በማረሻቸው የታረሰውን እህል ግን ያልበላ ማን አለ?

አፄ ምኒልክ እኮ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ አደባባይ ላይ ቀረ፤ ጓዳ አልገባም።

የተማርሽውን መልሼ ላስተምርሽ አይደለም፤ ግን የኅብረተሰብ ተመራማሪው ሃዋርድ ቤከር በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ ታውቂዋለሽ። ሰውን አፈንጋጭ የሚያሰኘው የሠራው ነገር ብቻ ሳይሆን ሌሎች የሚለጥፉበት ስም ነው ይላል። የኛ ይብሳል፤ እኒያ ሰውዬ የጣሱት ደንብ እንኳ የለም፣ ስሙ ከነልጅ ልጃቸው ተለጠፈባቸው።

አባትሽ ክፉ አይደለም። የሚፈራው ዕድር ላይ የሚወራውን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደረገውን ሙከራ አስታውሺ፦ ተማሪዎች ተመካክረው የመስመሮችን ርዝመት በአንድ ድምፅ አሳስተው ሲናገሩ፣ ምክሩን ካልሰሙት ከአራቱ ሦስቱ በዓይናቸው እያዩ ቢያንስ አንድ ጊዜ አብረው ተሳሳቱ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተቱ ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። እኔን የገረመኝ ይኸኛው ነው። ብዙ ሰው አላስፈለገም፤ አንድ በቃ።

ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እሺ ከማለት ይልቅ እሺ ለማለት የመጀመሪያው መሆን ነው የከበደው። የመጀመሪያዋ እኔ እሆናለሁ። ዘመድ በተሰበሰበበት እናገራለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ።

ፋሲካ እንዳለፈ ሽማግሌዎቹን ላኩ። ለአባትሽ ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ። አንቺም ደውዪለት፤ ጠንከር በይ፣ ነገር ግን ክፉ ቃል እንዳይወጣሽ።

አክስትሽ