ካሳነሽ ሳትባል የቀረችው ልጄ

ልጄን ከመውለዴ በፊት የማቆላመጫ ስሟን መርጬ ጨርሼ ነበር። ሊሊ። ዋናው ስም ገና አልነበረም። ሰው ስም ያወጣል፣ ቁልምጫው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እኔ ግን ከጅራቱ ጀመርኩ። ሊሊ ለማለት የሚመች ስም ስፈልግ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልክ ስነካካ አመሻለሁ። ኤልሳቤጥ ብላት ሰው ሁሉ ቤቲ ይላታል፤ ቤተልሔምም ያው ቤቲ ነው። ሊዲያ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በመጨረሻ ልዕልት ላይ ቆምኩ። ትርጉሙ ማርኮኝ እንዳይመስላችሁ፤ በ«ል» ስለሚጀምር ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኑዛዜ አያስፈልገውም ነበር። ለመጀመሪያ ልጅ ስም ሲወጣ ያልተጃጃለ ወላጅ የለም። የእኔ ጥፋት ግን ሌላ ነው፤ አማቴም ስም ይዘው ነበር።

ልጄ ከመወለዷ በፊት በነበረው ዓመት የባለቤቴ ታናሽ እህት አርፋ ነበር። ለእናቷ አንዲት ሴት ልጅ እሷ ብቻ ነበረች። የያዝኳት ሴት መሆኗ በአልትራሳውንድ እንደታወቀ አማቴ ከጎጃም ደወሉ። «ዘመናይ፣ አደራ፣ ካሳነሽ በይልኝ» አሉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ መናገርም አላስፈለጋቸውም።

ዘመናይ እኔ ነኝ። አማት ለምራት ስም ታወጣለችና፣ ሙሽራ ሆኜ ቤታቸው ስገባ እንደ አገሩ ወግ ያወጡልኝ ስም ነው። ወድጄው ነበር፤ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሳይቀር እያወራሁ ኮርቼበታለሁ። ያወጡልኝን ስም በደስታ ተቀብዬ የለመኑኝን ስም የነፈግሁ ሴት ነኝ እንግዲህ።

«እሺ እማማ፣ እናስብበታለን» አልኳቸው። የታየኝ ግን ሌላ ነበር፤ በሙአለ ሕፃናት ሰልፍ ላይ ከእነሶልያናና ከእነሄራን መካከል መምህርቷ «ካሳነሽ!» ብላ ስትጠራ። መጨረሻው «ነሽ» የሆነ ስም ከእናቶቻችን ጋር ያለፈ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ «ካሲ ትባላለች፤ ምን አለበት?» ቢለኝ ሳቅሁበት። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያን ሰሞን መኪና ውስጥ ከጂጂ ሌላ አልሰማም ነበር። ጂጂ ማለት እጅጋየሁ ሽባባው ናት። ከእጅጋየሁ ጂጂ ከወጣ ከካሳነሽ ካሲ ቢወጣ ምን ያስቃል? ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5000 እና በ10000 ሜትር ሁለት ወርቅ ስታጠልቅ፣ እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። የሷ ስምም በ«ነሽ» ያልቃል።

አሁን ወደ ውሸቱ ልምጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አማቴ ለክርስትናው አዲስ አበባ ሲመጡ እንግዲህ ገና ጊዜ ነበረን። ከሆስፒታል የተሰጠን ወረቀት እንኳ ከመሳቢያ አልወጣም። በዋዜማው ማታ ባለቤቴ ድንኳን ሊያስተክል ወጥቶ እኔና እሳቸው ብቻችንን ቀረን። «ዘመናይ፣ ያን ነገር እንዴት አደረጋችሁት?» አሉኝ።

«ወረዳ አስመዘገብናት እኮ እማማ። ልዕልት ተብላለች። መዝገብ ከገባ በኋላ ደግሞ አይቀየርም።»

አማቴ ፊደል አልቆጠሩም። መዝገብ የመንግሥት ነው፣ ከመንግሥት ጋር ሙግት የለም እየተባሉ ያደጉ ናቸው። ይህን አውቄ ነው የመረጥኩት። «እንግዲያ የመንግሥት ከሆነ ምን ይደረጋል» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለባለቤቴ ደግሞ «እማማ ተስማምተዋል» አልኩት። እሱም አመነኝ። አማቴን ወደ አገራቸው ሸኝተን ስንመለስ ወረዳ ሄድኩና ውሸቴን እውነት አደረግሁት።

ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ውሸቱ ለምንም አለመጥቀሙ ነው። ሊሊ ለማለት ልዕልት የሚባል ስም አያስፈልገኝም ነበር። በየሰፈራችን ሚሚ፣ ሚጡ፣ ማሚቱ፣ ኩኪ የሚባሉት ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ መዝገቡ ላይ የተገኘው ስም ሌላ ነው። እኛ አገር አንድ ሰው ብዙ ስም መያዙ አዲስ ነገር አይደለም። ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሳህለ ማርያም፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር። ሕዝቡ ግን እምዬ አላቸው። ይህ ቁልምጫ ከሦስቱ ስሞች ከየትኛው መጣ? ከአንዱም። ልጃቸውም በዓለም ስማቸው ዘውዲቱ፣ በክርስትና አስካለ ማርያም ናቸው። ካሳነሽን መዝገብ ላይ አስፍሬ በቤቴ ሊሊ ብላት የሚከለክለኝ አልነበረም። አማቴም ቅር አይላቸውም ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው እኔን በወላጆቼ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ቁልምጫውም ቢሆን እንዳሰብኩት አልሆነም። አባቷ ልዕልቴ ይላታል፣ የክፍል ጓደኞቿ ልዑ ይሏታል። ሊሊ የምላት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ሰው ፊት እንዳልላት ከልክላኛለች፣ «የሕፃን ነው» ብላ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ያመጣብንን ጣጣ ተዉት፤ በልደት ምስክር ወረቀቷና በትምህርት ቤት ካርዷ ላይ የሁለት ልጆች ስም ይመስላል።

አማቴ በስልክ ሲያነጋግሯት «ልጄ» ይሏታል። እኔን ሲጠይቁኝም «ልጅቱ ደኅና ናት?» ነው የሚሉት። ልዕልት ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ለአፋቸው ከብዷቸው ነው ብዬ ነገሩን ትቼው ነበር። ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ልጃችንን ይዘን ወደ ጎጃም ሄድን። ለቅሶ ቤት ገብተን ሳንቀመጥ የመንደሩ ሴቶች «ካሳነሽ የትኛዋ ናት?» ይሉ ጀመር። መጀመሪያ አልገባኝም። አንዲት ባልቴት ልጄን ሳብ አድርገው «ካሳነሽዬ፣ አያትሽ ስላንቺ ሳያወሩ ቡና አይጠጡም ነበር» እያሉ አገላብጠው ሳሟት። መንደሩ በሙሉ በዚያ ስም ያውቃታል። ልዕልት የሚባል ሰው በዚያ አገር የለም። አማቴ የመንግሥቱን መዝገብ ለእኛ ትተው የራሳቸውን ይዘው ኖረዋል። ልጄ ዞር ብላ ታየኛለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ለባለቤቴ የነገርኩት ከአርባው በኋላ ነው። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። «ብትነግሪኝ ኖሮ ሁለቱንም እንላት ነበር» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንስቶት አያውቅም። ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር። ለንስሐ አባቴም ነግሬ የታዘዝኩትን ፈጽሜአለሁ። ይቅር የሚሉኝ ሴት ግን ከመቃብር በታች ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንደዋሸኋቸው እንኳ ሳያውቁ ነው የሄዱት። ወይም አውቀው ይሆናል። ሁለቱም ያስጨንቀኛል።

ልጄ አያቷ ያወጡላት ሌላ ስም እንዳላት አሁን ታውቃለች። አልወደደችውም። «የአሮጊት ስም ነው» አለችኝ። ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ።

ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ ሊሊም ሚሚም ብላችሁ ቁልምጫ አስቀድማችሁ ብትመርጡ ነውር የለውም። ወረዳ ሄዳችሁ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ግን በቤታችሁ ስም ይዞ የሚጠብቅ ሰው ካለ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። አልቀበልም ካላችሁም፣ አልቀበልም በሉት። ብቻ መዝገብ አታሳብቡ።