የሚያቃስተው ዲስክ የትኛው ነው?

በገበያ እንስራ የምትገዛ ሴት ሸክላውን በዐይኗ አይታ ብቻ ገንዘቧን አትከፍልም፤ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታደምጣለች። ጥርት ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ ትወስደዋለች፤ የታፈነ እንደ ሆነ ግን ዐይን ያላየው ስንጥቅ እንዳለበት ዐውቃ ትተወዋለች። ነጂም የሞተሩን፥ ባለ ወፍጮም የድንጋዩን ሕመም አስቀድሞ የሚያውቀው በጆሮው ነው። በጽሕፈት ቤት ለምንውል ሰዎች ግን ይህ ጥበብ የሚያስፈልገን ቀን የሚመጣ አይመስለንም።

በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ፥ ምንም እንኳ የረቀቀ ሥራ ቢሆን፥ በጠባዩ የወፍጮ ዘመድ ነው። በውስጡ እንደ መስተዋት የለሰለሱ ክብ ሳሕኖች በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ የተጻፈውን የሚያነብበውም ራስ ሳሕኑን ሳይነካ፥ ከሰው ጠጕር ውፍረት ብዙ ሺህ ጊዜ ባነሰ ርቀት ተንሳፍፎ ይመላለሳል። አይ.ቢ.ኤም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ ዲስክ የአንድን መሥሪያ ቤት መዝገብ ሁሉ ይሸከማል። ስለዚህ ዲስክ ሲሞት የሚያሳዝነው የብረቱ ዋጋ ሳይሆን የሸክሙ መጥፋት ነው።

በእኔ ኮምፒዩተር ውስጥ አራት ዲስኮች ነበሩ። አንድ ማታ ከመካከላቸው ቀጭ፥ ቀጭ የሚል እንግዳ ድምፅ ተሰማ። በአንደኛው ላይ ሽማግሌዎች ስለ ጋብቻና ስለ ዕርቅ ሥርዓት ሲናገሩ የቀዳሁት ድምፅ ነበረ፤ ከተናገሩትም ሁለቱ ዐርፈዋል። የቀዳሁትን በየወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ስፍራ እገለብጥ ነበር፤ የዚያ ወር ቀን ግን ገና አልደረሰም ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚቸኵለው ድምፁን ዝም ለማሰኘት ነው፤ አጥፍቶ ማብራት፥ መልሶም ማጥፋት ይወዳል። ነገር ግን የደከመ ዲስክ አንድ ጊዜ ከቆመ እንደ ገና ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ሳላጠፋ መፈለግን መረጥሁ። የሳጥኑን ጎን ከፍቼ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቀለልሁና አንዱን ጫፍ በዲስኩ፥ ሌላውን በጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ በ1816 የበሽተኛን ልብ ለማድመጥ የተጠቀመው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ የሐኪሞችም ማዳመጫ የተወለደው ከዚያ ወረቀት ነው። ማራገቢያው ሳያቋርጥ ያፏጫል፤ ሁለቱ ዲስኮች በእርጋታ ይዞራሉ፤ ከሦስተኛው ላይ ግን ምቱ ጐልቶ ተሰማ፤ ጣቴንም ባሳርፍበት ታወቀኝ።

በጆሮ ብቻ መፍረድ እንዳይሆን ሌላ ምስክር ጠራሁ። ዲስኮች የየራሳቸውን ጤና የሚመዘግቡበት ስማርት የሚባል ሥርዓት አላቸው። ብመረምረው የአንዱ ዲስክ የተበላሹ ስፍራዎች ቍጥር በዝቶ ተገኘ፤ መለያ ቍጥሩንም በዲስኮቹ ላይ ከተለጠፉት ጋር ባስተያይ ያው ሦስተኛው ሆነ። የሽማግሌዎቹም ድምፅ ያለው በእርሱ ላይ ነበር። ሌላ ቅጂ የሌለውን አስቀድሜ መገልበጥ ጀመርሁ፤ ሊነጋ ሲል ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን አጠፋሁት። በማግሥቱ ባበራው ያ ዲስክ አልተነሣም።

ሆኖም መቀጠል የማይገባበት ጊዜ አለ። ብረት በብረት የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ ራሱ ሳሕኑን እየፋቀው ሊሆን ይችላልና፥ ወዲያውኑ አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ይገባል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የሚያቃስት ዲስክ ቢያንስ ጊዜ ይሰጣል፤ ብዙዎች ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታሉ። ዛሬ ደግሞ የሚሽከረከር አካል የሌላቸው ዲስኮች በዝተዋል፤ እነርሱ ሲታመሙ የሚያሰሙት ምት የላቸውም። እንግዲህ የአገርንም ሆነ የቤተ ሰብን መዝገብ የያዘ ሰው ጆሮውን ያንቃ፤ ሁለተኛውን ቅጂ ለማኖር ግን የጣር ድምፅ እስኪሰማ አይጠብቅ።