አልጋ ይዛችኋል?

ስለ ዛየን ገደልና ስለ ብራይስ ካንየን ቀያይ የድንጋይ ዓምዶች የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ ስለሚታደርበት ክፍል የሚያወራ ግን እምብዛም አይገኝም። ከላስ ቬጋስ፣ ከዴንቨር፣ ከሲያትል በሰመር ቤተሰባቸውን ጭነው ወደ ብሔራዊ ፓርኮቹ የሚወጡ ወገኖቻችን ሲመለሱ የሚያሳዩን ፎቶ የገደል፣ የፏፏቴና የጎሽ ነው። የጉዞው መልክ የሚወሰነው ግን ከዚያ ሁሉ ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ አንድ ምሽት፣ ከሥራ መልስ፣ እራት ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ተዘርግቶ አልጋ ሲያዝ። እኔ ይህን ምሽት ከጉዞው ቀናት እኩል እወደዋለሁ። ልጆቹ የከተሞቹን ስም ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ባለቤቴ የሥራ ፈረቃዋን እያየች ቀን ትቆጥራለች፤ እናቴ መጥታ እኛ ጋ ከሆነችም ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ማደሪያውስ? አልጋ ይዛችኋል?»

እናቴ ባደገችበት የጎጃም ገጠር መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ አባወራውም «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ይለዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደብ ላይ ይነጠፍለታል። ከተማ ላይም ቢሆን ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ በየፔንሲዮኑ «አልጋ አለ?» እያለ ይዞራል፤ አንዱ ሞልቷል ቢለው ከሌላው አያጣም። በደቡብ ዩታ፣ በነሐሴ ቅዳሜ ማታ ግን የሚንኳኳ ደጃፍ የለም። ከአንዱ ከተማ እስከ ቀጣዩ አንዳንዴ ሠላሳ፣ አንዳንዴ ሃምሳ ማይል ምድረ በዳ ነው፤ የሞቴሉ ቀይ መብራት «ክፍል የለም» ካለ የሚቀረው መኪና ውስጥ ማደር ነው። ስለዚህ ለእናቴ አስቀድሞ የተያዘ አልጋ፣ በማታውቀው አገር አንድ ሰው ከወራት በፊት «ቤት የእግዜር ነው» ያላት ያህል ነው። እኔም የማየው እንደዚያው ነው።

ሞቴልን የወለደው መኪና ነው። በ1925 በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ፣ አርተር ሃይንማን የተባለ አርክቴክት ሰው መኪናውን ክፍሉ አጠገብ አቁሞ የሚያድርበትን ቤት ሠራ። በ1962 ደግሞ ሁለት ተቋራጮች ሳንታ ባርባራ ላይ ለአንድ ሌሊት 6 ዶላር የሚያስከፍል ማደሪያ ከፍተው ዋጋውን ስሙ አድርገው ሞቴል ሲክስ አሉት። በ1974 በደቡብ ዳኮታ፣ በአበርዲን ሥራ የጀመረው ሱፐር ኤይትም የመጀመሪያ ዋጋው 8 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቆ ሄዷል፤ አሠራሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። ንጹሕ አንሶላ፣ ሙቅ ውሃ፣ የሚቆለፍ በር፣ ከበሩ ፊት ለፊት የቆመ የራስህ መኪና። ከአልጋው እስከ መኪናው ጥቂት እርምጃ ነው። ድስትና የእንጀራ መሶብ ተሸክሞ በትልቅ ሆቴል ሎቢ ማለፍ የሚያሳቅቀው ሰው እዚህ አይሳቀቅም። የተኛ ሕፃን ከመኪናው ወንበር ተነሥቶ ሳይነቃ አልጋው ላይ ይደርሳል።

በፓርኮቹ ውስጥ ያሉ ማረፊያዎች ግሩም ናቸው፤ ነገር ግን በግራንድ ካንየን ደቡብ ጫፍ ያሉት ሎጆች መያዝ የሚጀምሩት ከ13 ወር በፊት ነው። ፈረቃው በየጊዜው ለሚቀያየር ነርስ፣ ወይም ፈቃዱን በሚያዝያ ለሚያውቅ የሆቴል ሠራተኛ ያን ያህል አሻግሮ ማየት ከባድ ነው። በፓርክ በር ላይ የተቀመጡት ከተሞች፣ ለምሳሌ የዛየኗ ስፕሪንግዴል፣ ሲያዩአቸው ደስ ይላሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ደመወዝተኛው ቤተሰብ ዓይኑን ትንሽ ወጣ አድርጎ ወደ ሀሪከን፣ ወደ ካናብ፣ ወደ ፓንጉዊች፣ ወደ ትሮፒክ፣ ወደ ቶሪ መላክ አለበት። ከሁሉ እኔ ካናብን አስበልጣለሁ። ከዛየን 40 ማይል ገደማ፣ ከብራይስና ከግራንድ ካንየን ሰሜን ጫፍ ደግሞ ከእያንዳንዳቸው 80 ማይል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ጥቂት ሌሊት አንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ በየቀኑ ወደተለያየ አቅጣጫ መውጣት ይቻላል፤ በየጠዋቱ ሻንጣ መክተት የለም። ብዙ የድሮ የካውቦይ ፊልሞች የተቀረጹት በዙሪያዋ ስለነበር ከ1931 ጀምሮ ባለው በፓሪ ሎጅ በየክፍሉ በር ላይ ያኔ ያርፉ የነበሩ ተዋንያን ስም ተጽፎ ይታያል።

ለብራይስ ግን ካናብም ትርቃለች፤ እዚህ ላይ ሐሳቤ የጸና ነው። ሃያ ዶላር ለማትረፍ ብሎ ሰማንያ ማይል ርቆ የሚተኛ ሰው የሚያጣው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ምሽቱን ያጣል። የብራይስ አፋፍ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከአዲስ አበባ አየር ጋር ይቀራረባል፣ በነሐሴም ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ዓምዶቹ ከብርቱካንማ ወደ ሐምራዊ ይዞራሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የኮከብ ብዛት ከተማ ለኖረ ሰው የሚታመን አይደለም። ፓርኩ በ2019 ጨለማው እንዲጠበቅ ከተመዘገቡት የዓለም ፓርኮች አንዱ ሆኗል። ሩቅ ያለ አልጋ የሚጠብቀው ጎብኚ ግን ገና ብርሃን ሳለ ይነሣል፤ ልክ ነው፣ አመሻሽ ላይ በዚያ መንገድ አጋዘን ድንገት ይገባል። ትሮፒክ ላይ፣ አሥር ማይል ያህል ብቻ ርቆ አልጋ የያዘ ቤተሰብ ኮከቡን እስኪጠግብ ቆይቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የተያዘ አልጋ ቀኑን ያስራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ አልጋ ያልያዘ ሰው ከቀትር በኋላ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆቻችን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ጥቁር ቤተሰብ በዚህ አገር አልጋ ይዞ ያለ ሥጋት መጓዝ ከጀመረ ሩቅ ጊዜ አይደለም። የሃርለሙ ፖስተኛ ቪክቶር ሁጎ ግሪን ከ1936 ጀምሮ ጥቁር ባለመኪኖች የት ማደርና የት መብላት እንደሚችሉ የሚያሳይ መመሪያ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። በየመንደሩ በሩን የሚከፍት ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቁ መንገድ መውጣት አደገኛ ነበር። የዋሽንግተን ወገኖቻችን በመኸር ቅጠሉ ሲቀላ የሚጎርፉበት የቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ፓርክ እንኳ በ1939 ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል የተለየ ቦታ ነበረው። በጁላይ 1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲወጣ በአትላንታ 216 ክፍሎች የነበሩት ሃርት ኦቭ አትላንታ ሞቴል ጥቁር አላሳድርም ብሎ መንግሥትን ከሰሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዘጠኙም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬው ርካሽ ክፍል ሌሎች ተዋርደውና ተከራክረው የከፈቱት በር መሆኑን ሳስብ፣ ስማችንን በስልክ ስናገር ምስጋና ይሰማኛል።

ስማችን ስል፣ በእኛ ቤት ባልና ሚስት የአባታቸው ስም ይለያያል፤ አልጋው በማን ስም እንደተያዘ ሁለቱም ማወቅ አለባቸው። ሞቴል ውስጥ ሌሊት ሪሴፕሽን ላይ የሚሠራ ወዳጄ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደክሞት የመጣ ሀበሻ ቤተሰብ በአያት ስም የተመዘገበ ክፍሉን እስኪያገኝ ሲንገላታ አይቷል። ይኸው ወዳጄ የሚመክረው በአፕ ዋጋውን አይቶ በቀጥታ ወደ ሞቴሉ መደወልን ነው። ደውለው የሚያገኙት ሰው ቁልፉን የሚሰጥዎት ሰው ነውና። እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ስልኩ የግድ ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ ሞቴሎች አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም፤ ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ምድር ቤት ያለ ክፍል በስሟ ማስጻፍ ያስፈልጋል። ዋጋ ላይ አንድ ጥሩ ነገር መጥቷል። ከሜይ 2025 ጀምሮ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ማደሪያዎች የግዴታ ተጨማሪ ክፍያቸውን ከመጀመሪያው ከዋጋው ጋር ደምረው ማሳየት አለባቸው፤ የመንግሥት ግብር ግን በኋላ ሊታከል ይችላል። ዓርብና ቅዳሜ ይወደዳል፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ይረክሳል። የማይሰረዘው ክፍል ትንሽ ቢረክስም አትያዙት። በጁላይ 2025 መብረቅ ያስነሣው እሳት በግራንድ ካንየን ሰሜን ጫፍ የነበረውን ታላቁን ሎጅ አቃጠለ፤ ሰሜን ጫፍም ለጎብኚ ተዘጋ። በረሃ ላይ እሳትም ጎርፍም ቀጠሮ አይጠብቅም።

ነሐሴ ሲመጣ የእኛ ቤት አንድ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፍልሰታ። ከኦገስት 7 እስከ 21 ያለው የፓርኮቹ ወቅት ጾም ላይ ይውላል። ነፃ ቁርስ ተብሎ የሚቀርበው እንቁላል፣ ወተትና በእነሱ የተለወሰ ዋፍል ነው፤ ለእናቴ የሚተርፈው ሙዝና ሻይ ይሆናል። ስለዚህ እኛ ክፍል ስንመርጥ ከመዋኛ ገንዳው በፊት የምናየው ፍሪጅና ማይክሮዌቭ መኖሩን ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በየዕቃው ተከፍሎ ይሄዳል፤ እንጀራው በበረዶ ሣጥን። ቡና ግን ክፍል ውስጥ አይቆላም፤ የጭስ ደወሉ ይጮኻል፣ ቅጣቱም ከክፍሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ተቆልቶና ተወቅጦ ይወሰድና በፓርኩ የሽርሽር ጠረጴዛ ላይ በጋዝ ምድጃ ይፈላል። ጀበና ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ቀይ ገደል ሥር የተጠጣ አቦልና ቶና ሌላ ነው። ማታ እናቴ መሳቢያውን ስትከፍት ጌድዮኖች የተባለው ማኅበር ያስቀመጠውን መጽሐፍ ቅዱስ ታገኛለች። ማኅበሩ የመጀመሪያዎቹን በ1908 ሞንታና ውስጥ በአንድ ሆቴል አኑሮ ነው የጀመረው። ቋንቋው ለእሷ አይነበብም፤ ሆኖም ተሳልማ፣ የራሷን ዳዊት አጠገቡ አስቀምጣ ትተኛለች።

የሰዓትም ነገር አለ። ከላስ ቬጋስ ተነሥቶ የቨርጂን ወንዝን ጠባብ ሸለቆ አቋርጦ ዩታ የሚገባ ሰው ሳያስበው አንድ ሰዓት ይጎድልበታል፤ በሰመር ከዩታ ወደ አሪዞና ሲሻገር ደግሞ ይመለስለታል፣ የናቫሆ ምድር ከገባ እንደገና ይወሰድበታል። የእናቴ የእጅ ሰዓት በበኩሉ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የሚሄደው። በትናንሽ ከተሞች ያሉ ሞቴሎች ቢሯቸው ማታ ስለሚዘጋ፣ የምትዘገዩ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ቁልፉን በፖስታ አድርገው ይተዉላችኋል። ብዙ ቦታ የሚወጣው ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ የሚገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሰው በመካከል ያሉትን አራት ሰዓታት ባዶ ጊዜ ያደርጋቸዋል፤ ቀድሞ ደርሶ ክፍሉ ባለመዘጋጀቱ የሚቆጣም አለ።

እነዚያ አራት ሰዓታት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። በዚያች ጊዜ ውስጥ አንሶላ ገፍፋ፣ መታጠቢያ ቤት ፈግፍጋ፣ ቀዩን የበረሃ አቧራ ከምንጣፉ አንሥታ ሌላ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ ክፍል ትገባለች። ላስ ቬጋስ ውስጥ በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስገቡ፣ አገር ቤት ወላጅ የጦሩ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው፤ ወገባቸው ምን እንደሚከፍል ቅዳሜ ማታ ቤታቸው የሄደ ሰው ያውቃል። በርካሽ ሞቴል የሚያድር እንግዳ ጉርሻ የሚተው በትልቁ ሆቴል ብቻ ይመስለዋል፤ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ነው። የዘንድሮውን የነሐሴ አልጋ ካሁኑ ስትይዙ ለእሷም በየሌሊቱ ጥቂት ዶላር አብራችሁ መድቡ። ስትወጡ ጠረጴዛው ላይ ስታኖሩት ለእሷ መሆኑን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ አለዚያ እንግዳው የረሳው መስሏት ሳትነካው ትቀራለች።