ከሜሪላንድና ከቴክሳስ የቱ ይሻላል?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ አሜሪካ አንድ አገር ስለሆነች በውስጧ ያለው ኑሮ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስልህ ይሆናል። እኔም ልጆቼን ለመጠየቅ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እስከሄድሁ ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ታላቁ ልጄ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ይኖር ነበርና እርሱ ዘንድ ሰነበትሁ። ታናሹም እኔን ለማየት ከቴክሳስ፣ ከዳላስ አጠገብ ካለችው ከጋርላንድ መጣ።

አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ከሁለቱ ስቴቶች ለኑሮ የሚሻለው የቱ እንደሆነ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ለጨዋታ ያህል አልነበረም፤ ታላቁ ልጄ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቴክሳስ ለመዛወር ያስብ ነበር።

ታናሹ ጀመረ። «ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አትወስድም። እናንተ ግን ለፌዴራሉ መንግሥት ከምትከፍሉት ሌላ ለስቴቱም ለካውንቲውም ትገብራላችሁ። እስከ መቼ በኪራይ ትኖራላችሁ? እዚያ ብትመጡ የራሳችሁን ቤት ትገዛላችሁ» አለ።

ታላቁም የቴክሳስ የቤት ግብር ከባድ መሆኑን አነሣ። ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ በሜሪላንድ 15 ዶላር ሲሆን በቴክሳስ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነው አለ። ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት ሕክምናም ሜሪላንድ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ጎልማሶች ስታሰፋ ቴክሳስ እንዳላሰፋች ጨመረ። ሊሄድ የቆረጠ ሰው የሚለቀውን አገር ሲያሞግስ መስማት ያስቃል፤ ፍርሃቱን ሌላ ሰው እንዲያፈርስለት ፈልጎ ይመስለኛል።

ታናሹም ራሱ አንድ ነገር አልሸሸገም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ብርቱ ቅዝቃዜ ቴክሳስን መታትና መብራት ጠፋ። የስቴቱ የኤሌክትሪክ መስመር ከሌሎቹ ጋር እምብዛም የተያያዘ ስላልነበረ ከጎረቤት በቂ እርዳታ አልተገኘም፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ልጄ ልጆቹን በመካከል አስተኝቶ፣ ያለውን ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ ደርቦ ሦስት ሌሊት እንዳደረ ሲነግረን ድምፁ ዝቅ አለ።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። አስተማሪዎቻችን፣ ሁለቱን ወገን ሳትሰሙ አትፍረዱ ይሉን ነበር። እኔም ሁለቱን ወገን የሰማሁ መስሎኝ ወረቀት አስመጣሁ፤ የሒሳብ አስተማሪነቴም ተነሣብኝና በመካከሉ መስመር አሰመርሁ። ግብሩን፣ ኪራዩን፣ ደመወዙን በየወገኑ ደምሬ ለቴክሳስ ፈረድሁ። በዚያች ሰዓት ምራቴ በረካውን ትቀዳ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተዛወሩ። ሒሳቤ አልተሳሳተም፤ ግቢ ያለው ቤት ገዙ። በኅዳር ወር ግን ምራቴ ብቻዋን ሆና ስልክ ደወለችልኝ።

«አባባ፣ እዚያ በባቡር ሄጄ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት እሠራ ነበር። ልጆቼን ከትምህርት ቤት የምትቀበልልኝ ጎረቤት ነበረችኝ። እዚህ መኪና ካልነዱ ወተት እንኳ አይገዛም፤ እኔም መንዳት አልችልም። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነኝ» አለችኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ ያን ቀን ስለምን አልተናገርሽም?» አልኋት።

ጥቂት ዝም ብላ፣ «አባባ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለች። የቁጣ ድምፅ አልነበረውም፤ በቁጣ ብትናገረኝ በቀለለልኝ ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያንን ወረቀት ከሻንጣዬ ፈልጌ አወጣሁት። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ሥራዋ አንዲት ፊደል አልነበረበትም። በማግሥቱ ለልጄ ደውዬ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ነገርሁት። እርሱም የነገረችኝን ሁሉ ሰምቶ አያውቅም ነበርና ደነገጠ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና መንዳት ያስተምራት ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውራ ጎዳናው በወጣች ዕለት ማታ ደወለችልኝ። «እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ወተቱን ራሴ ገዝቼ መጣሁ» አለችኝ።