ስለ ኬንፖ አመጣጥና ስለ ጉልበት አያያዝ

ያገራችን ሰው እንግዳ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው። ዘሩን እስከ ሰባት ቤት መቍጠር የማይችል ሰው በሽማግሎች ዘንድ እንደ ጐደሎ ይታይ ነበር። ዘርን ማወቅ መልካም ነገር ነው፤ አባቱን የሚያውቅ ልጅ የአባቱን ስም እንዳያዋርድ ይጠነቀቃልና። ነገር ግን ራሱ አንድ መልካም ሥራ ሳይሠራ የአያቱን ጀግንነት ብቻ እየቈጠረ የሚኖር ሰው፣ በጎረቤቱ ጎተራ ጠግቤአለሁ እንደሚል ሰው ነው። ይህ ጠባይ በሰው ትውልድ ብቻ ሳይሆን በትምህርትና በጥበብም ይገኛል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በሰፈራችን የሚኖር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ማታ ማታ ኬንፖ የሚባለውን የጡጫ ጥበብ ይማራል። አንድ ቀን ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ፤ ኬንፖ ከሻውሊን ገዳም የወጣ መሆኑ እውነት ነው? የክፍል ጓደኛዬ የሚማረው ሌላ ነውና፣ ያንተ ውሸት ነው፣ እውነተኛው የኔ ነው አለኝ። ቅዳሜ ሜዳ ወጥተን ልንለያይ ተቀጣጥረናል» አለኝ። እኔም እስከ ዐርብ እንዲታገሠኝ ለምኜ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ዐርብ ማታ የነገርሁት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኬንፖ በጃፓን ቋንቋ «የጡጫ ሥርዐት» ማለት ነው። ቃሉ ከቻይና የመጣ ሲሆን፣ ቻይናዎቹ ያንኑ ጽሕፈት «ቹዋንፋ» ብለው ያነቡታል። እንግዲህ ኬንፖ ያንድ ሰው ወይም ያንድ ማኅበር ንብረት አይደለም። በእኛ አገር የቅኔ ትምህርት ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ እየተባለ በየቤቱ እንደሚለይ፣ ኬንፖም ብዙ ቤት አለው፤ የየቤቱም ተማሪ የራሱን አስበልጦ ይከራከራል።

ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ዘራቸውን የሚስቡት በቻይና፣ በሄናን ክፍለ አገር ከሚገኘው ከሻውሊን ገዳም ነው። ገዳሙ በ495 እንደ ተመሠረተ ይነገራል። እንደ አፈ ታሪኩ ከሆነ፣ ቦዲዳርማ የሚባል የህንድ መነኵሴ ወደዚያ በመጣ ጊዜ መነኰሳቱ ከመቀመጥ ብዛት ሰውነታቸው ደክሞ አገኛቸውና ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አስተማራቸው፤ የጡጫው ጥበብም ከዚያ ተወለደ። ነገር ግን ይህን ትምህርት የቦዲዳርማ ነው የሚለው መጽሐፍ የተጻፈው በ1624 ነው፤ ይኸውም መነኵሴው ኖረበት ከሚባለው ዘመን ከ1,000 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በድንጋይ ተቀርጾ የቈየው ምስክርነት ግን ሌላ ነው። በ728 የቆመው የገዳሙ የድንጋይ ጽሕፈት፣ የሻውሊን መነኰሳት በ621 ሊ ሺሚንን በጦርነት እንደ ረዱት ይናገራል፤ ይህም ሰው በኋላ የታንግ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። መነኰሳቱ መዋጋታቸው እውነት ነው፤ በባዶ እጅ ስለ መዋጋት ግን ድንጋዩ ምንም አይልም።

ከዚያ በኋላ በ1560 ገደማ ቺ ጂጓንግ የተባለው የቻይና የጦር አለቃ ስለ ወታደር አሠለጣጠን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለጡጫ ጥበብ አንድ ምዕራፍ ሰጠው። ይህ ሰው ስለ ጥንታዊነት አልተጨነቀም። በጊዜው ከነበሩት ልዩ ልዩ ቤቶች መልካም መልካሙን መርጦ 32 አቋቋሞችን በሥዕል አሳየ። ጡጫ ለታላቅ ጦርነት እንደማይጠቅም አልሸሸገም፤ ነገር ግን እጅና እግርን ስለሚያፍታታ ለጀማሪ የትምህርት በር ነው አለ። ጥበብን በልኩ ማመስገን የዐዋቂ ሰው ምልክት ነው።

የቻይና ጡጫ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኦኪናዋ ደሴት ሄደ። ኦኪናዋ የርዩኪዩ መንግሥት ሆና ከ1372 ጀምራ ለቻይና ግብር ትልክ፣ ከፉጂያን ጠረፍም ጋራ ትነግድ ነበርና፣ ከሸቀጡ ጋራ የውጊያው ጥበብም ገባ። እዚያም ካገሩ ልማድ ጋራ ተዋሕዶ ዛሬ ካራቴ የምንለው ወጣ። ፉናኮሺ ጊቺን በ1922፣ ሞቶቡ ቾኪም በ1926 መጽሐፍ ሲያሳትሙ በርእሳቸው ላይ «ኬንፖ» እና «ካራቴ» የሚሉትን ሁለቱን ቃላት አጠገብ ላጠገብ አድርገው ጻፉ። የክፍል ጓደኛሞቹ ሊደባደቡባቸው የተቀጣጠሩት ሁለቱ ስሞች ከመቶ ዓመት በፊት ባንድ መጽሐፍ ገበታ ላይ በሰላም ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቈረ። «እንግዲያው የኔ ውሸት ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ ዓባይ ከሰከላ ሲነሣ በእርምጃ የሚሻገሩት ምንጭ ነው፤ ዓባይ ያሰኘው በሸሎና ጀማ፣ ሙገርና ዴዴሳ ገብተውበት ነው። አንተም ከብዙ ገባር ጠጣህ እንጂ ውሸት አልጠጣህም» አልሁት።

አሁን በብዙ አገር የሚታወቀው ኬንፖ የተስፋፋው ከሃዋይ ደሴቶች ነው። ጄምስ ሚቶሴ የተባለ ሰው በሃዋይ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ጃፓን ተልኮ ካደገ በኋላ ተመልሶ፣ በ1942 በሆኖሉሉ ከተማ በቤሬታንያ ሚሲዮን ራስን የመከላከያ ትምህርት ከፈተ። ጦርነቱ ሰውን በዘር ለያይቶ በሚያጣላበት በዚያ ዘመን፣ ጃፓናዊ፣ ቻይናዊ፣ የሃዋይ ተወላጅ ሳይል ተማሪ ተቀበለ። እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስ አለኝ። በ1953 ያሳተመው መጽሐፍም ጠብን ስለ መሸሽና ስለ ትሕትና የሚያስተምር ነው።

ይህ ሰው ጥበቡ ከአባቶቹ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መሆኑን፣ እሱም 21ኛው ወራሽ መሆኑን ይናገር ነበር። ይህን የሚያረጋግጥ ጽኑ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ከዚህ የሚከፋው ፍጻሜው ነው። በካሊፎርኒያ አንድ ደቀ መዝሙሩ ሰው ገደለ፤ ሚቶሴም በዚያ ግድያ እጁ አለበት ተብሎ በ1974 ተፈረደበት፤ በ1981 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። የሃያ አንድ ትውልድ ዘር ቢቈጠር፣ የሰላም መጽሐፍ ቢጻፍ፣ ልብ ካልተገራ የጡጫ ሥርዐት ሥርዐቱ ይቀርና ጡጫው ብቻ ይቀራል።

ደግሞም ከክፉ ፍጻሜ መልካም ዘር እንደማይጠፋ ተመልከት። የሚቶሴ ተማሪ የነበረው ዊልያም ቻው፣ እኛ ወወክማ በምንለው በክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ በሆኖሉሉ ያስተምር ነበር። የቻው ተማሪ አድሪያኖ ኤምፔራዶና አራት ጓደኞቹ ከ1947 እስከ 1949 ድረስ በፓላማ ሰፈር ተሰብስበው፣ ካራቴን፣ ጁዶንና ጁጂትሱን፣ ኬንፖንና ቦክስን አዋሕደው «ካጁኬንቦ» አሉት። የየጥበባቱን የመጀመሪያ ድምፅ ገጣጥመው ስም ማውጣታቸው፣ ከሌላ የተማሩትን የራሳችን ነው አለማለታቸው ነው። ይህን ሐቀኝነት ወደድሁት።

ሌላው የቻው ተማሪ በ1931 በሆኖሉሉ የተወለደው ኤድ ፓርከር ነው። በ1956 በካሊፎርኒያ በፓሳዲና ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ኋላም በ1964 በሎንግ ቢች ባዘጋጀው ታላቅ ውድድር ላይ ብሩስ ሊ ችሎታውን ለሕዝብ አሳየ። ፓርከር እንቅስቃሴን እንደ ቋንቋ አድርጎ ያስተምር ነበር፤ አንዱ ምት ፊደል፣ ፊደላት ተጋጥመው ቃል፣ ቃላትም ተያይዘው ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ ይል ነበር። ዕድሜዬን በፊደል ገበታ ፊት ለፈጀሁት ለእኔ ይህ አነጋገር ግልጥ ነው። ፊደል ያወቀ ሁሉ መልካም ነገር አይጽፍም፤ ባንዱ ፊደል ምርቃትም ስድብም ይጻፋልና። ፓርከር በ1990 ሲሞት ደቀ መዛሙርቱ በብዙ ማኅበር ተከፋፈሉ፤ እውነተኛው ወራሽ ማን ነው የሚለውም ክርክር ተነሣ።

ልጁ ሁሉን ከሰማ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ብቀር ፈሪ ቢሉኝስ?» አለኝ። ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ የከበደው ይህ ጥያቄ ነው። እኔም ስለ ሁለት የጃፓን መምህራን ነገርሁት። አንደኛው ሳዋያማ ሙነኦሚ ነው፤ በኦሳካ በ1932 ኒፖን ኬንፖ የሚባለውን ሲመሠርት፣ ተማሪዎቹ በሙሉ ኀይላቸው እየተማቱ ጓደኛቸውን እንዳይጐዱ የራስና የደረት መከላከያ አለበሳቸው። ሁለተኛው ዶሺን ሶ ነው፤ ጃፓን በጦርነት ከተሸነፈች በኋላ ከማንቹሪያ ተመልሶ ወጣቱ ተስፋ ቈርጦ ባገኘው ጊዜ፣ በ1947 በታዶትሱ ከተማ ሾሪንጂ ኬንፖን ጀመረ። ትምህርቱ ጉልበትና ፍቅር አይለያዩ የሚል ነው፤ ፍቅር የሌለው ጉልበት ግፍ ይሆናል፣ ጉልበት የሌለውም ፍቅር የተገፋውን ማዳን ያቅተዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዳሉ፤ የጓደኛው ማደግ የራሱ ማደግ እንዲሆን ነው። «መምታትን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ሰዎች ጓደኛቸውን ላለመጕዳት ይህን ያህል ከደከሙ፣ እነሱን ፈሪ የሚላቸው ማን ነው?» አልሁት።

ልጁ ቅዳሜ ከሜዳው አልቀረም። ሄዶ ግን ለጓደኛው፣ «አንተ የተማርኸውን አሳየኝ፤ እኔም ላሳይህ» አለው። ኦኪናዋና ሃዋይ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ማናቸውንም ጥበብ ልትማሩ ስትሄዱ የመምህሩን የዘር ሐረግ ብቻ አትጠይቁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ደካማው ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ ተመልከቱ። ትልቁ ትንሹን ሲያነሣው ወይስ ሲስቅበት ታያላችሁ? መምህሩስ የማያውቀውን አላውቅም ይላል? ጥበቡ የሺሕ ዓመት ዕድሜ ቢኖረው እንኳ፣ ዛሬ በእናንተ እጅ የሚሠራው ሥራ ዕድሜው የዛሬ ነው። በእጁ ኀይል ያለው ሰው እጁን መሰብሰብ ሲችል፣ ያን ጊዜ ዘሩን ሳይናገር የጨዋ ልጅ መሆኑ ይታወቅለታል።